ለጅማ ጀማሪ አናቢ የሚሆን ቀፎ፦ አመራረጡ፣ ልኬቱና አሠራሩ

ከሁለት እስከ አምስት ቀፎ ይዞ ንብ ማነብ ለሚጀምር የጅማ ሰው የምንመክረው አንድ ቀፎ ነው፦ በአካባቢ ቁሳቁስ የሚሠራው የሽግግር ቀፎ፣ ብዙዎች ጨፈቃ የሚሉት። የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ንቡን ሳይገድሉ ከፍቶ ማየት ያስችላል፣ ማር ለማውጣት ማሽን አይጠይቅም፣ ሲጎዳም እዚያው ጓሮ በጭቃና በቀርከሃ ይጠገናል። ነገር ግን አንድ ልክ ከተሳሳተበት ከተራ ሣጥን አይሻልም። ስለዚህ ልክ ከዚህ በታች ደጋግመን እናነሳለን።

እጅ ላይ ያሉት ምርጫዎች

ባህላዊውን ቀፎ የጅማ ገጠር ሁሉ ያውቀዋል፤ በኦሮምኛ ጋጉራ ይባላል። ቀርከሃ ወይም ሐረግ እንደ ረጅም ቅርጫት ተጎንጉኖ፣ በኮባና በሳር ተጠቅልሎ ትልቅ ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ገንዘብ አይፈልግም፣ አዲስ ቤት የሚፈልግ የንብ መንጋም በቀላሉ ይገባበታል። ጣጣው የሚመጣው ማር ሲቆረጥ ነው። ንቦቹ እንጀራውን፣ ማለትም ማርና እጭ የሚይዘውን የሰም ገበታ፣ ከቀፎው ጣሪያ ጋር አጣብቀው ስለሚሠሩት አንዱን አውጥቶ፣ አይቶ፣ መልሶ ማስገባት አይቻልም። ቆራጩ በሌሊት በጭስ መካከል እጁን እያስገባ የደረሰበትን ሁሉ ይቆርጣል፤ ማሩ፣ የአበባ ዱቄቱና እጩ (ገና ንብ ያልሆነው ልጅ) አንድ ላይ ይወጣል። እጩ የተቆረጠበት ቀፎ የሚሞቱትን ሠራተኞች የሚተካ ስለማይኖረው ወይ ይዳከማል ወይ ይኮበልላል። ከአንድ ባህላዊ ቀፎ በዓመት ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከ5 እስከ 8 ኪሎ ነው። በዚያ ላይ በጨለማ ዛፍ ላይ መውጣት አለ።

ይሁን እንጂ ያሉትን ባህላዊ ቀፎዎች አይጣሉ። መንጋ ለመያዝ ከእነሱ የተሻለ መሣሪያ አናውቅም። ዛፍ ላይ ሰቅለው መንጋ ሲገባባቸው አውርደው ወደ ሽግግር ቀፎ ማዛወር ይቻላል፤ እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እንመጣበታለን።

ዘመናዊው የሣጥን ቀፎ ደግሞ ፍሬም (እንጀራው የሚሠራበት ባለ አራት ማዕዘን የእንጨት ክፈፍ) ያለውና በፎቅ የሚደራረበው ነው። መሠረቱ በ1852 እ.ኤ.አ. አሜሪካዊው አናቢ ላንግስትሮዝ ያስመዘገበው አሠራር ነው፤ እኛ አገር ዛንደር የሚባለውም ዓይነት ተሠራጭቷል። በደንብ ከተያዘ ከሁሉም የበለጠ ማር ይሰጣል፤ ማሩ በማሽን ተጣርቶ ባዶው እንጀራ ለንቦቹ ስለሚመለስላቸው ሰም ለመሥራት አይደክሙም። ግን ሣጥኑን ብቻ ገዝቶ መጀመር አይቻልም። በፍሬም ላይ በሽቦ የሚታሰር የሰም ሉህ፣ ንግስቷ ወደ ማር ክፍሉ እንዳትገባ የሚከለክል የንግስት ማገጃና ማሩን ከእንጀራው አሽከርክሮ የሚያወጣ ማጣሪያ ማሽን ይፈልጋል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ቀፎው እንደ ውድ ባህላዊ ቀፎ ይሆናል፤ ሰም ሉህ ያልገባለት ፍሬም ውስጥ ንቦቹ እንጀራቸውን እንደፈለጉ አጣመው ይሠሩና ፍሬሞቹ እርስ በርስ ይያያዛሉ።

ሁለተኛው ችግር የአናጺ ነው። የሣጥን ቀፎ በፍሬሙና በግድግዳው መካከል የሚተወው ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ክፍተቱ ሲጠብ ንቦቹ በሙጫ ይደፍኑታል፤ ሲሰፋ ትርፍ እንጀራ ይሠሩበታል። በሁለቱም መንገድ ፍሬሙ በመሮ ካልተፈነቀለ አይወጣም። የጅማ አናጺ በርጩማ ሲጠርብ እጁ የተመሰገነ ነው፤ በርጩማ ግን የ3 ሚሊ ሜትር ስህተትን ይሸከማል፣ የሣጥን ቀፎ አይሸከምም።

ሦስተኛው ምክንያት የማሩ ጠባይ ነው። በጌራ ወረዳና በአካባቢው ጫካ የጌተም ዛፍ አበባ የሚሰጠው ነጭ ማር ቶሎ ይረጋል። እንጀራው ውስጥ እንዳለ የረጋን ማር ደግሞ ማጣሪያ ማሽን አሽከርክሮ ሊያወጣው አይችልም። ማሽኑን ከማኅበር ተውሶ ተራ የሚጠብቅ ሰው ሁለት ሳምንት ከዘገየ ፍሬሙን ከነማሩ ቆርጦ ለመጭመቅ ይገደዳል፤ ያን ጊዜ ሣጥኑን የገዛበት ጥቅም ይቀራል። አሥርና ከዚያ በላይ ኅብረ ንብ (በአንድ ንግስት ሥር አብሮ የሚኖር የንብ ቤተሰብ) ላለው፣ ማሽን በቅርብ ለሚያገኝና የተጣራ ማር የሚገዛው ለያዘ ሰው ግን የሣጥን ቀፎ ትክክለኛ ምርጫ ነው።

የሽግግር ቀፎ መሐል ላይ ያለው ነው። ቅርጹ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ኬንያ ውስጥ ተሻሽሎ ከወጣው የመጣ ሲሆን እኛ አገር በጭቃና በቀርከሃ የሚሠራው መልኩ ተስፋፍቷል። ከላይ ሰፊ፣ ከታች ጠባብ ገንዳ ይመስላል። ጣሪያው ጎን ለጎን የተደረደሩ አግዳሚ እንጨቶች ነው፤ ስልጠና ላይ ቶፕ ባር የሚባሉት። ንቦቹ በእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር አንድ እንጀራ ያንጠለጥላሉ፤ አናቢው አግዳሚውን ከነእንጀራው አንስቶ ያያል፣ ይመልሳል። ጎኖቹ ወደ ውስጥ ዘንበል ያሉበት ምክንያት አለ፦ እንጀራ በራሱ ሲንጠለጠል ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ ግድግዳው ይህን ቅርጽ ከተከተለ ንቦቹ እንጀራውን ከጎን ጋር የማጣበቅ ዝንባሌያቸው ይቀንሳል።

ሁሉን የሚወስነው 3.2 ሴንቲ ሜትር

የአግዳሚው ስፋት 3.2 ሴ.ሜ ነው። ይህ የአገራችን ንብ ከአንዱ እንጀራ መሐል እስከ ሌላው መሐል የምትተወው ርቀት ነው። የአውሮፓ ንብ ሰፋ አድርጋ፣ ወደ 3.5 ሴ.ሜ ገደማ ትሠራለች፤ ስለዚህ ከውጭ ቪዲዮ ላይ የተወሰደ ልክ እዚህ አይሠራም።

ስህተቱ ትንሽ ቢመስልም ይጠራቀማል። አግዳሚው 3.3 ቢሆን በአሥረኛው እንጀራ ላይ 1 ሴ.ሜ ልዩነት ይመጣል። ንቦቹ የራሳቸውን ርቀት ስለማይለቁ እንጀራው ከአግዳሚው መሐል እየሸሸ ሄዶ አንዱ እንጀራ ሁለት አግዳሚ ላይ ይጋደማል። ከዚያ በኋላ አንዱን ለማንሳት ሁለቱን መቅደድ ግድ ይላል፤ ማር ይፈሳል፣ ንቡ ይቆጣል፣ ቀፎውን መክፈትም እየቀረ ይሄዳል። ተሠርተው ሳይከፈቱ የቀሩ ብዙ የሽግግር ቀፎዎች ታሪካቸው ይኸው ነው።

አናጺው ሲያስረክብ አንድ አግዳሚ ብቻ ለክተው አይቀበሉ። አሥሩን ጎን ለጎን ገጥመው ደርድረው በሜትር ይለኩ፦ 32 ሴ.ሜ መሆን አለበት። 31.8 ወይም 32.2 ይታለፋል። 33 ከሆነ ይመልሱት።

እርጥብ እንጨት ሌላው ወጥመድ ነው። ትኩስ ባሕር ዛፍ ዛሬ በ3.2 ቢሰነጠቅ ሲደርቅ ወደ 3 ሴ.ሜ ይሸሻል፤ በዚያ ላይ ይጣመማል። ጣውላው በጥላ ሥር በየመሐሉ ቀጭን እንጨት ገብቶበት አየር እንዲያልፈው ተደርድሮ ቢያንስ ሁለት ወር ይድረቅ። ግራቪሊያ ወይም የፈረንጅ ጥድ ከባሕር ዛፍ የተሻለ ቀጥ ብሎ ይቆያል። ግራቪሊያ በቡና ጥላነት በየማሳው ስላለ ለማግኘትም አያስቸግርም። ዋንዛ ለአግዳሚ ማባከን ነው፤ ለቤት ዕቃ ይሁን።

የሚያስፈልገው ዕቃ

ለአንድ ቀፎ፦

– 28 አግዳሚ፣ እያንዳንዱ 48 ሴ.ሜ ርዝመት፣ 3.2 ሴ.ሜ ስፋት፣ 1.5 ሴ.ሜ ውፍረት። ለመጠባበቂያ ሁለት ይጨምሩ።
– 2 የፊትና የኋላ ሰሌዳ፣ 2 ሴ.ሜ ውፍረት ያለው፤ ላዩ 44፣ ታቹ 19፣ ቁመቱ 29 ሴ.ሜ።
– 1 ተንቀሳቃሽ መከለያ ሰሌዳ፣ በተመሳሳይ ቅርጽ፣ ዙሪያውን ግማሽ ሴ.ሜ ያነሰ፣ ከላዩ አንድ አግዳሚ የተቸነከረበት።
– 4 ቀጥ ያለ አጣና፣ እያንዳንዱ 94 ሴ.ሜ፤ ሁለቱ ለላይ ጠርዝ፣ ሁለቱ ለታች።
– ለጎንና ለወለል የተሰነጠቀ ቀርከሃ ወይም የአውራ ጣት ውፍረት ያለው ቀጥ ያለ ጭራሮ፣ ሁለት ሸክም።
– 2 ባልዲ ቀይ አፈር፣ 1 ባልዲ የላም እበት፣ አንድ እቅፍ የጤፍ ጭድ።
– ከ150 እስከ 200 ግራም ንጹሕ ሰም።
– ለክዳን 1.25 ሜትር በ80 ሴ.ሜ ቆርቆሮ፣ ወይም የሳር ክዳን።

የውስጥ ርዝመቱ 90 ሴ.ሜ ነው። 28 አግዳሚ በ3.2 ሲባዛ 89.6 ይመጣል፤ የቀረችውን 4 ሚሊ ሜትር በቀጭን ስንጣሪ ይሙሏት። አግዳሚው 48 የሆነው በሁለቱም በኩል 2 ሴ.ሜ ጠርዙ ላይ እንዲያርፍ ነው። ሁሉንም ቀፎዎችዎን በዚሁ ልክ ያሠሩ። የአንዱ አግዳሚ ለሌላው የማይገጥም ከሆነ ደካማውን ቀፎ ከብርቱው እጭ ወስዶ ማጠናከር አይቻልም።

አሠራሩ

መጀመሪያ የፊቱን ሰሌዳ በካርቶን ንድፍ ይቁረጡ፤ በዚያው ንድፍ የኋላውንና መከለያውን ያውጡ። በፊቱ ሰሌዳ ላይ ከታች 3 ሴ.ሜ ከፍ ብለው ስድስት ቀዳዳ በተርታ ይብሱ፤ የእያንዳንዱ ስፋት 1 ሴ.ሜ። ከዚህ ከሰፋ እንሽላሊትና ትልልቅ የእሳት እራት ይገባበታል፤ ደካማ ኅብረ ንብም በሩን መጠበቅ ያቅተዋል።

አራቱን አጣናዎች በሰሌዳዎቹ ማዕዘን ላይ ከውጭ ይቸንክሩ። የላይኞቹ ከሰሌዳው ጫፍ ጋር እኩል ይሁኑ፤ ከፍ ካሉ አግዳሚውና ሰሌዳው መካከል ክፍተት ይቀራል፣ ዝቅ ካሉ አግዳሚው ይንገዳገዳል። አሁን አግዳሚ አስቀምጠው ይፈትሹ፦ ሁለቱ የላይ ጠርዞች በሙሉ ርዝመታቸው እኩል 44 ሴ.ሜ ርቀት ካልጠበቁ አጣናው ጠማማ ነው፤ ጭቃ ከመለጠፉ በፊት ይቀየር።

በየጎኑ አራት ማቆሚያ ጭራሮ አቁመው ቀርከሃውን እንደ ጎተራ በመሐላቸው እያሳለፉ ይጎንጉኑ። ወለሉም እንዲሁ።

አፈሩን፣ እበቱንና ጭዱን በውሃ ለውሰው ሦስት ቀን ይተዉት፤ በየቀኑ ይረገጥ። ከውስጥና ከውጭ 2 ሴ.ሜ ያህል ይለጥፉ። ሲደርቅ መሰንጠቁ አይቀርም፣ አይደንግጡ፤ እበትና አመድ በውሃ አቅጥነው በሁለተኛ ዙር ስንጥቁን ይድፈኑ። የውስጡ ግድግዳ እንደ ምጣድ ልስልስ ይሁን። ወጣ ያለ ጭራሮ ወይም ሸካራ ቦታ ካለ ንቦቹ እንጀራውን ከዚያ ጋር ያጣብቁታል፤ ስንጥቅ ከቀረም ጥንዚዛና የሰም እራት (ትሉ እንጀራ የሚበላ የእሳት እራት) ይደበቅበታል። በጥላ ሥር ከ10 እስከ 15 ቀን ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ያደረቁት ጭቃ ይረግፋል።

ሰሙን መቀባት ብዙዎች የሚዘሉት ሥራ ነው። በእያንዳንዱ አግዳሚ ሥር፣ ልክ መሐሉ ላይ፣ በእርሳስ ቀጥ ያለ መስመር ያስምሩ። ሰም በውሃ ላይ በተቀመጠ ጣሳ ያቅልጡ፤ በቀጥታ እሳት ላይ አይጣዱት፣ ይቃጠላል። በማንኪያ ጫፍ እያንጠባጠቡ መስመሩን ተከትለው የስንደዶ ውፍረት ያለው የሰም ክር ያብጁ። ከሁለቱም ጫፍ 4 ሴ.ሜ ይተዉ። ንቦቹ እንጀራቸውን የሚጀምሩት ከዚህ ክር ነው፤ ክሩ ከተጣመመ እንጀራውም ይጣመማል። ሰም ከሌለዎት ጠጅ ቤት ይጠይቁ። ጠጅ ጥለው የሚጥሉትን ሰፈፍ በብዙ ውሃ አፍልተው በከረጢት ቢያጠልሉትና ቢያቀዘቅዙት ሰሙ ላይ ላዩን ይረጋል፤ የጠጁ ሽታ እስኪለቅ ሁለቴ ያፍሉት።

የት ይቀመጥ

ቀፎውን ምድር ላይ አያኑሩ። አራት ባላ ተክለው ከመሬት 1 ሜትር ከፍ ያድርጉት፤ ወገብዎ ላይ ሲሆን ለመሥራትም ይቀላል። ጭቃው ከነማሩ ከ30 ኪሎ በላይ ሊመዝን ስለሚችል ባላው ጠንካራ ይሁን። በእያንዳንዱ ባላ መሐል ላይ የተቃጠለ የሞተር ዘይት የጠጣ ጨርቅ ይጠምጥሙ፤ በየሁለት ሳምንቱ ዘይቱን ያድሱ። ጅማ ውስጥ ኅብረ ንብ ከሚያጠፉት ነገሮች ጉንዳን ዋነኛው ነው፤ በአንድ ሌሊት ቀፎ ያስለቅቃል። ባላውን የነካ አንድ የሳር ዘለላ ለጉንዳን ድልድይ ስለሚሆን ዙሪያውን አንድ ሜትር ያህል በንጹሑ ያርሙ፣ አመድ ይበትኑ።

መግቢያው የጠዋት ፀሐይ ያግኘው፤ ከሰዓት በኋላ ጥላ ይሁንለት። ቆርቆሮ ብቻ የለበሰ ቀፎ የካቲት ላይ በቀትር ፀሐይ ከተመታ አዲስ እንጀራ ለስልሶ ይወድቃል። በቆርቆሮውና በአግዳሚዎቹ መካከል ደረቅ ሳር ወይም ኮባ ያንጥፉ። ክዳኑ በሁሉም በኩል 15 ሴ.ሜ ይውጣ፤ የጅማ ዝናብ ብርቱ ነው፣ ጭቃን በአንድ ክረምት ያጥበዋል። ከቤት፣ ከመንገድና ከታሰረ ከብት ቢያንስ 50 ሜትር ይራቅ። የታሰረ በግ ወይም ፈረስ መሸሽ ስለማይችል በንብ ይሞታል። በቡና ማሳዎ ወይም በጎረቤት በቆሎ ላይ መድኃኒት የሚረጭ ካለ አበባ ባለበት ጊዜና በቀን እንዳይረጭ አስቀድመው ይነጋገሩ። ንቦቹ በሚሰማሩበት ሰዓት የተረጨ ፀረ ተባይ የመስክ ንቦችን በአንድ ቀን ይጨርሳል።

ንቡን ማስገባት

ቀላሉ መንገድ መጠበቅ ነው። ክረምቱ ወጥቶ አደይና መጭ ሲያብቡ፣ ከመስከረም አጋማሽ እስከ ኅዳር፣ ኅብረ ንቦች ተራብተው መንጋ ያወጣሉ። ከዚያ በፊት ቀፎውን በወይራ ጭስ ያጥኑት፣ ውስጡን በጠጅ ሳር ይሹት፣ መግቢያው ላይ ትንሽ ሰም ይቀቡ። አሮጌ ንጹሕ እንጀራ የተጣበቀበት አንድ አግዳሚ ካለ ከሁሉም የተሻለ ማማለያ እሱ ነው። ሁለት ሳምንት ካለፈ ውስጡን ይመልከቱ፤ ሸረሪት ካደራበት መንጋ አይገባም።

ከባህላዊ ቀፎ ማዛወር ይከብዳል፤ የመጀመሪያውን ልምድ ካለው ሰው ጋር ይሥሩት። አበባ ባለበት ወቅት፣ ዝናብ በሌለበት ቀን፣ ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ ይጀምሩ። ባህላዊውን ቀፎ በጭስ አረጋግተው አንዱን ጫፍ ይክፈቱ። እንጀራውን አንድ በአንድ በስለት እየቆረጡ ሦስት ቦታ ይለዩ፦ እጭ ያለበት፣ ማር ያለበት፣ ባዶ። ማሩን ክዳን ባለው ባልዲ ወዲያው ይክደኑ፤ ሽታው የሌላ ቀፎ ንቦችን ለዝርፊያ ይጠራል። እጭ ያለበትን እንጀራ፣ ተሠርቶ እንደነበረው ላዩን ወደ ላይ አድርገው፣ ከአግዳሚ ጋር በሙዝ ልጥ ወይም በኮባ ቃጫ አስረው ያንጠልጥሉ። ከተገለበጠ የሴሎቹ አቅጣጫ ይዛባል። ሦስት ወይም አራት እንጀራ በቂ ነው፤ ከመግቢያው አጠገብ በተከታታይ ይግቡ፣ ከኋላቸው አራት ባዶ አግዳሚ፣ ከዚያ መከለያው።

ከሁሉም የሚበልጠው ንግስቷ ናት። ረዘም ያለ ሆድ ያላት፣ ክንፏ ሆዷን የማይሸፍን ናት። ካገኟት በክብሪት ቀፎ ውስጥ ከሁለት ሦስት ሠራተኞች ጋር ይዘው መጨረሻ ላይ ያስገቧት። ካላገኟት ንቡን በሙሉ በላባ ወይም በለስላሳ ቅጠል ጠርገው ወደ አዲሱ ያስገቡ፤ መግቢያው ላይ ያሉት ፊታቸውን ወደ ውስጥ አዙረው፣ ጅራታቸውን ወደ ላይ ቀስረው ክንፋቸውን ካርገበገቡ ንግስቷ ውስጥ ናት። አሮጌውን ቀፎ ከአካባቢው ያርቁ፤ አለዚያ ይመለሱበታል። አንድ ሊትር ውሃ ለአንድ ኪሎ ስኳር በጥብጠው፣ እንዳይሰምጡ ስንጥር የተንሳፈፈበት ሳህን ከመከለያው ኋላ ያኑሩ፤ መከለያው ዙሪያውን ስላነሰ ንቦቹ በጎኑ ያልፋሉ። ሙዝ ልጡን ንቦቹ ራሳቸው እንጀራውን ካጣበቁ በኋላ ቦጭቀው ያወጡታል።

ከፍቶ ማየት

የእኛ ንብ ቁጡ ነች። ነጣ ያለ ልብስ፣ ዓይነ ርግብ፣ ጓንትና እግርን የሚሸፍን ቦት ጫማ የግድ ናቸው። ሽቶና የላብ ሽታ ያስቆጣታል። በማጨሻው ውስጥ ደረቅ የላም ኩበት ይሂድበት፤ ፕላስቲክና ናፍጣ የነካው ጨርቅ ማሩን ያበላሻሉ። አንድ ሰው በብዙ ንብ ተነድፎ ፊቱ ካበጠ ወይም ትንፋሽ ካጠረው ጊዜ ሳያባክኑ ጤና ጣቢያ ይውሰዱት።

ሁልጊዜ ከኋላ፣ ባዶው በኩል ይጀምሩ። መከለያውን ሲያወጡ ቦታ ይገኛል፤ ከዚያ አግዳሚውን በመሮ ፈንቅለው ወደ ኋላ ሸርተት ካደረጉ በኋላ ቀጥ አድርገው ወደ ላይ ያንሱ። አንድ ነገር በተለይ ይጠብቁ፦ እንጀራውን አያጋድሙት። ፍሬም ስለሌለው ደግፎ የሚይዘው የላይኛው ጫፉ ብቻ ነው፤ እንደ መጽሐፍ ጠፍጣፋ ካደረጉት በራሱ ክብደት ይቀደዳል። ሌላኛውን ገጽ ለማየት አግዳሚውን በአንዱ ጫፍ አቁመው አዙሩት፤ እንጀራው ምንጊዜም እንደ ቆመ በር ይሁን።

አዲስ ኅብረ ንብ ከገባ በኋላ በአሥረኛው ቀን ገደማ የመጀመሪያውን ፍተሻ ያድርጉ። እንጀራው ገና የመዳፍ ስፋት ሳለ ጠምሞ ከተገኘ በጣት ገፋ አድርጎ ማቅናት ይቻላል፤ ከወር በኋላ ግን አይቻልም። ቀጥ ያሉ ሁለት እንጀራዎች መካከል አንድ ባዶ አግዳሚ ማስገባትም አዲሱ ቀጥ ብሎ እንዲሠራ ይረዳል። ኅብረ ንቡ ሲያድግ መከለያውን በሁለት ሁለት አግዳሚ ወደ ኋላ ያሸሹ። መጀመሪያውኑ 28ቱንም መክፈት ስህተት ነው፦ ትንሽ ኅብረ ንብ ሰፊ ቤት ማሞቅም መጠበቅም ስለማይችል የሰም እራት ባዶውን ጥግ ይወርሰዋል።

የማር ክፍሉ ላይ ሲደርስ እንጀራው ከእጭ ክፍሉ ይልቅ ይወፍራል። እዚያ ላይ በአግዳሚዎቹ መካከል ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሜትር ስንጣሪ ማስገባት ይጠቅማል። 3.2 ለእጭ ክፍሉ የወጣ ልክ ስለሆነ ከመግቢያው ጀምሮ ባሉት 12 ያህል አግዳሚዎች መካከል ግን ምንም አይግባ።

ማር መቁረጥ

በጅማ አካባቢ የአበባው ተራ በግምት እንዲህ ይሄዳል፦ ከመስከረም እስከ ኅዳር አደይና መጭ፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ግራዋ፣ የካቲትና መጋቢት ቡና፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ጌተም፣ ከዚያ ብሳና። የቡና አበባ ዝናብ ጠብቆ ይፈነዳና በቀናት ውስጥ ይረግፋል፤ ስለዚህ ብርቱ ኅብረ ንብ ከሌለ አይደረስበትም።

ከኋላ በኩል ካሉት እንጀራዎች ከሦስት እጅ ሁለቱ በሰም የተከደኑትን ብቻ ይቁረጡ። ያልተከደነ ማር ውሃው ገና አልተነነም፤ ከተቀላቀለ በወራት ውስጥ ይቦካል። አግዳሚው ላይ 1 ሴ.ሜ እንጀራ ትተው ይቁረጡ፣ ንቦቹ ከዚያ ይቀጥላሉ። አንድ የሞላ እንጀራ ከ1 እስከ 2 ኪሎ ይሰጣል። እጭ ያለበትን አይንኩ፣ የአበባ ዱቄት የበዛበትንም ይተዉ። የጌተሙን ማር ለብቻው ይያዙ፤ ከብሳና ማር ጋር የተደባለቀ ነጭ ማር በጅማው ሂርማታ ገበያ ነጭነቱም ጣዕሙም ይወርዳል።

ሐምሌና ነሐሴ ዝናቡ ንቦቹን ቤት ያስቀምጣል፤ አበባም ይመነምናል። ከሰኔ በፊት ሁሉን ቆርጦ የወሰደ ሰው መስከረም ላይ ባዶ ቀፎ ያገኛል። ቢያንስ ስድስት የማር እንጀራ ይተዉላቸው።

የቆረጡትን በንጹሕ የፕላስቲክ ባልዲ ይዘው ሙቀት ባለው ቤት ውስጥ በንጹሕ ነጭ ሻሽ ያጥልሉት፤ እሳት ላይ አይጣዱት። የረጋውን የጌተም ማር ሻሽ አያሳልፈውም፤ እንጀራውን ከነሰሙ ቆራርጠው ክዳን ባለው ዕቃ ይሽጡት፣ ብዙ ገዢ እንዲያውም እንዲያ ይመርጠዋል። ከተጠለለው የቀረውን ሰፈፍ በዕለቱ በውሃ አፍልተው ሰሙን ያውጡ፤ ለሳምንት ከተቀመጠ የሰም እራት ይፈለፈልበታል። ለአንድ ቀፎ አግዳሚዎች የሚበቃው ከ150 እስከ 200 ግራም ሰም ከመጀመሪያው ምርት ይወጣል፤ እሱን ለሁለተኛው ቀፎዎ ያስቀምጡት።